ፔዳሉ ደረቀ ወይስ ሰመጠ? የአሮጌ መኪና ፍሬን ሰርቮ ዝርዝር መመሪያ

ኢተያን አልፈን ወደ ዴራ ስንወርድ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። መኪናዋ የወንድሜ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም። ይይዛል፣ ግን ባለ በሌለ ጉልበቴ ስረግጠው ነው። ማርሽ ቀንሼ፣ ዳር ይዤ፣ በቀስታ አዋሽ መልካሳ ደረስን። አዳማ ገብተንም እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የሚያናድደው፣ በዚያው ወር የፍሬን ሸራ ሁለት ጊዜ አስቀይረናል። ሁለቴም ከፍለናል። ሁለቴም «አሁን ፍሬንህ አዲስ ነው» ተብለናል።

በማግስቱ አዳማ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ቁልፍ አላነሱም፣ ክሪክ አላመጡም። ገብተው ተቀመጡና ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ያህል ረገጡ። ከዚያ እግራቸውን ሳያነሱ አስነሱት። ትንሽ ጠበቁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሸራው አዲስ ነው እኮ ጋሼ» አላቸው ወንድሜ።

«ሸራውማ ምን አደረገ ልጄ። አየሩ ነው የቸገራችሁ» አሉት።

ኮፈን ከፍተው ጋዝ ሰጥተው ሲለቁት፣ ከሞተሩ ወደ ሰርቮ (ፍሬን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘው ዕቃ) የሚሄደው ቱቦ ዓይናችን እያየ ተጣበቀ። እንደ ተመጠጠ የጁስ ላስቲክ ጠፍጣፋ ሆነ። አንድ ሰው ድሮ ዋናው ቱቦ ሲሰነጠቅ ለውሃ የሚሆን ስስ ጎማ ቆርጦ ሰክቶበታል። ሲቀዘቅዝ ይሠራል። ሞተሩ ሲግል ይለሰልሳል፣ ሲሳብም ይጣበቃል። ቁልቁለት ላይ እግር ከጋዝ ሲነሳ ደግሞ ሞተሩ በጣም ይስባል። ቱቦው የሚዘጋው ፍሬን በተፈለገበት ሰዓት ነበር ማለት ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ሸራና ዲስክ የሚያውቅ ሹፌር ሞልቷል። ሰርቮን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ስለማያውቀውም ያልተበላሸውን ነገር እየቀየረ ገንዘቡን ይጨርሳል።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

የአሮጌ መኪና ፍሬን ሁለት ወገን አለው። አንዱ የዘይት ወገን ነው፦ ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው)፣ የዘይት መስመሮች፣ በየጎማው ያሉት ሲሊንደሮች። ሌላው የአየር ወገን ነው፦ ሰርቮው፣ ቱቦው፣ በቱቦው ላይ ያለው ቫልቭ፣ ናፍጣ መኪና ከሆነም አየር ስቦ የሚያወጣው የቫኪዩም ፓምፑ።

ፔዳሉ ከደረቀና ብዙ ጉልበት ከጠየቀ መጀመሪያ የአየሩን ወገን ጠርጥሩ። ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ ከሰመጠ ወይም ደጋግማችሁ ስትረግጡት ብቻ የሚይዝ ከሆነ የዘይቱን ወገን ጠርጥሩ። ከታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ቮልስ ያላችሁ ሰዎች ይህን ጽሑፍ ለጎረቤት ስጡት። የድሮዋ ቮልስ በተለመደው አሠራሯ ሰርቮ የላትም። ፔዳሏ የሚሠራው በእግራችሁ ጉልበት ብቻ ነው።

ሰርቮ ምን ይሠራል?

ኮፈን ስትከፍቱ በሹፌሩ በኩል፣ ከጀርባ ካለው ላሜራ ጋር የታሰረ ጥቁር ክብ ነገር ታያላችሁ። የድስት ክዳን ያክላል። ከፊቱ ማስተር ሲሊንደሩ፣ ከማስተሩ በላይ የፍሬን ዘይት ጣሳው አለ። ያ ክብ ነገር ሰርቮ ነው። ቡስተር የሚሉትም አሉ።

ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መሀሉን ለሁለት የሚከፍል ዲያፍራም የሚባል የጎማ መጋረጃ አለው። ሞተሩ በቱቦው በኩል ከሁለቱም ክፍል አየር ስቦ ያወጣል። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ በሌለበት ጊዜ በሁለቱም በኩል ቫኪዩም (አየር የወጣለት ባዶ ቦታ) ስለሆነ መጋረጃው ዝም ይላል። ፔዳሉን ስትረግጡ በሰርቮው መሀል ያለው ቫልቭ ሁለቱን ክፍሎች ይለያይና ከኋላ በኩል ብቻ የውጭ አየር ያስገባል። አየሩ መጋረጃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ መጋረጃው ደግሞ የማስተሩን ዘንግ ይገፋል። የእናንተ ጉልበትና የአየሩ ጉልበት ተደምሮ ዘይቱን ይጫናል።

ዋግምት ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። ቀንዱ ውስጥ ያለው አየር ሲሳሳ የውጭው አየር ሥጋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሰርቮም ጉልበቱን የሚያገኘው ከውጭው አየር ነው። የሞተሩ ሥራ ቦታውን ባዶ ማድረግ ብቻ ነው።

አዳማ ላይ አየሩ ራሱ ቀለል ይላል

ይህን ብዙ ሰው ስለማያነሳው ትንሽ ልቆይበት። በባህር ጠረፍ ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ወደ 83 ይወርዳል። ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው አሰላ ስንደርስ 75 አካባቢ ነው።

በቁጥር እንየው። መጋረጃው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰርቮ እንውሰድ። ባህር ጠረፍ ላይ በሁለቱ ክፍሎች መካከል የ65 ኪሎፓስካል ልዩነት ቢኖር፣ አየሩ በግምት 208 ኪሎ ክብደት በሚያህል ኃይል ይገፋል። ያው ሰርቮ፣ ያው ሞተር አዳማ ላይ ልዩነቱ ወደ 47 ይወርዳል፤ ግፊቱም ወደ 150 ኪሎ። ምንም ሳይበላሽ ሩብ ያህሉ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ አገር የሚታገሰው ትንሽ ቀዳዳ እዚህ ቶሎ ይታያል።

የቫኪዩም ጌጅ (መለኪያ) ያለው መካኒክም ልብ ማለት አለበት። የውጭ ማኑዋሎች ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው ሲሠራ) ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል ይላሉ። ያ የባህር ጠረፍ ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ቀንሱ። አዳማ ላይ ከ12 እስከ 16 ያነበበ ሞተር ደህና ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ሞተር ይፈታ የሚላችሁ ካለ ታገሱ።

የእግር ፈተና

ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። ለጎማው ታኮ አድርጉ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ከዚህ በታች ያሉት ሦስቱ ፈተናዎች ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጁም።

የመጀመሪያው ሽማግሌው ያደረጉት ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን እስኪደርቅ አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ። በሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኪዩም ያልቃል። አሁን እግራችሁን በመጠነኛ ጉልበት ፔዳሉ ላይ እንዳደረጋችሁ ሞተሩን አስነሱ። ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግራችሁ በታች ትንሽ ዝቅ ይላል። ልክ አንድ ሰው ከታች እንደሳበው ነው የሚሰማው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ቫኪዩም አልደረሰም ወይም ሰርቮው አይሠራም።

ሁለተኛው ሰርቮው ቫኪዩም መያዙን ያሳያል። ሞተሩን ለሁለት ደቂቃ አሠሩና አጥፉት። ከዚያ እንደወትሮው ጉልበት፣ በመሀሉ አምስት ሰከንድ እያረፋችሁ ሦስት ጊዜ ርገጡ። የመጀመሪያው ወደ ታች ጠለቅ ማለት አለበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከፍ ከፍ እያሉ ይሄዳሉ። ሦስቱም እኩል ከደረቁ ሰርቮው የተሰጠውን ቫኪዩም አልያዘም፤ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ይህንኑ ነገር በጠዋት ማየት ይቻላል። ማታ ያቆማችሁት መኪና ጠዋት ሳይነሳ የመጀመሪያው እርግጫ ለስላሳ ከሆነ ቫልቩም ሰርቮውም ሌሊቱን ይዘው አድረዋል።

ሦስተኛው ሁለቱን ወገኖች ባንድ ጊዜ ስለሚለይ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ርገጡና ያዙ። እንደያዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። 30 ሰከንድ ሳታነሱ፣ ሳትጨምሩ ቆዩ። ፔዳሉ ካልተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ወደ ላይ እግራችሁን ከገፋ የአየሩ ወገን ያፈስሳል። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ ዘይቱ ማምለጫ አግኝቷል። አብዛኛውን ጊዜ የማስተሩ የውስጥ ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎማ) ተበልቶ ነው፤ ከውጭ አንድ ጠብታ ላይታይ ይችላል። ፔዳሉ የሚሰምጥ መኪና ይዛችሁ ከግቢ አትውጡ።

ሦስቱንም ካለፈ፣ ግን አሁንም ደርቆ የማይዝ ከሆነ ያን ጊዜ ወደ ጎማ ውረዱ። የተቃጠለና የተወለወለ ሸራ፣ ዘይት የነካው ሸራ ወይም የተጣበቀ ፒስተን ይሆናል። ያኔ ሸራ ብታስቀይሩ አይቆጭም።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱ

ከሞተሩ ማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያው) እስከ ሰርቮው ያለውን ቱቦ በጣታችሁ ተከተሉት። ጫፎቹ ላይ፣ ማጥበቂያው ስር ጠምዘዝ አድርጋችሁ እዩ። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። የአዳማ ሙቀትና የሞተሩ ሙቀት ተደምሮ ጎማውን ያደርቀዋል። ሲታጠፍ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ ይቀየር። ረዳት ጋዝ ሰጥቶ ሲለቅ ቱቦውን ተመልከቱ። መጣበቅ የለበትም። ሲገዛም ለፍሬን ቫኪዩም የተሠራ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ ክር ያለው ይሁን። የውሃ ጎማ፣ የቤንዚን ጎማ፣ የጋዝ ሲሊንደር ጎማ አይሆንም። በዋጋ ያለው ልዩነት ለፍሬን የሚቆጠብበት አይደለም።

በቱቦው መሀል ወይም በሰርቮው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቫልቭ አለ። ሥራው አየሩ ከሰርቮ ወደ ሞተር እንዲሄድ መፍቀድ፣ እንዳይመለስ መከልከል ነው። ሞተር ድንገት ቢጠፋ ሁለት ሦስት እርግጫ የሚተርፋችሁ በዚህች ቫልቭ ነው። ፍቱትና ጥረጉት። በሰርቮው በኩል ካለው ጫፍ እፍ በሉበት፤ ያልፋል። ከሞተሩ በኩል እፍ በሉበት፤ አያልፍም። በሁለቱም ካለፈ ወይም በሁለቱም ከተዘጋ ይቀየር። በአፋችሁ ግን አትሳቡ፤ የቤንዚን ትነትና ዘይት አለበት። ቀስት ካለው ቀስቱ ወደ ሞተሩ ይዙር። ተገልብጦ የተሰካ ቫልቭ ሰርቮውን ሙሉ በሙሉ ሥራ ፈት ያደርገዋል። ቫልቩ ሰርቮው ላይ በጎሚኒ የተሰካ ከሆነ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ በእጅ ሳቡት። በካቻቢቴ ከፈለቀቃችሁት ጎሚኒው ወደ ውስጥ ይወድቅና ሌላ ሥራ ይመጣል።

ቀጥሎ ጆሮ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መስኮቱን ዝጉ፣ ፔዳሉን ርገጡና ያዙ። ስትረግጡ የሚሰማ አጭር ትንፋሽ ጤነኛ ነው። የውጭ አየር ሲገባ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ፔዳሉን እንደያዛችሁ ሳያቋርጥ «ስስስ» ካለ ግን መጋረጃው ተቀዷል ወይም የመሀሉ ቫልቭ አይዘጋም። ብዙ ጊዜ ሞተሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ያልታሰበ አየር ስለሚገባበት። ስንት ሰው ለዚህ ብሎ ካርቡራተር አስፈትቷል!

አንድ ስውር በሽታ ደግሞ አለ። የፍሬን ዘይት ይጎድላል፤ ከመኪናው ስር ግን ጠብታ የለም፤ ጎማዎቹም ደረቅ ናቸው። ዘይቱ በማስተሩ የኋላ ጎሚኒ አልፎ ሰርቮው ውስጥ እየገባ ይሆናል። በቤንዚን መኪና ሞተሩ ሲስበው ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሊታይ ይችላል። ለማረጋገጥ ማስተሩን ከሰርቮው ጋር ያሰሩትን ዳዶዎች ፍቱ፤ በብዙ ቶዮታ 12 ቁጥር ቁልፍ ነው። የዘይት መስመሮቹን ሳትፈቱ፣ ሳታጥፏቸውም፣ ማስተሩን ትንሽ ወደ ፊት ሳብ አድርጉ። ከኋላው እርጥብ ከሆነ ማስተሩ አልቋል። ሰርቮው ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመ እሱም አብሮ ይቀየር፤ የፍሬን ዘይት መጋረጃውን ያበላሸዋል። አዲስ ማስተር በርጥብ ሰርቮ ላይ ማሰር ግማሽ ሥራ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ስለሚልጥም የነካውን ቦታ ወዲያው በውሃ እጠቡ።

ናፍጣ የሚነዳ

አሮጌ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ማኒፎልዱ ውስጥ የሚረባ ቫኪዩም የለውም። አየሩን የሚያፍን ጋዝ ቢራቢሮ ስለሌለው ነው። ስለዚህ ለብቻው የቫኪዩም ፓምፕ ይሰጠዋል። በብዙ አሮጌ የቶዮታና የአይሱዙ ናፍጣ ሞተሮች ፓምፑ ከአልተርኔተሩ ጀርባ ተለጥፎ አብሮ ይዞራል።

ከዚህ የሚመጣውን አስቡት። ቺንጋው ከላላ ባትሪ መሙላቱም ፍሬኑም ባንድ ላይ ይደክማሉ። የባትሪ መብራት ፍዝዝ ብሎ ሲበራና ፔዳሉ ሲደርቅ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትሂዱ። ፓምፑ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው። የሚወስድና የሚመልስ ቀጭን መስመር አለው። መስመሩ ከተደፈነ ውስጡ ያሉት ምላሶች ይበላሉ። አልተርኔተር ስትቀይሩ ደግሞ ፓምፕ የሌለውን በርካሽ አግኝተው እንዳያስሩላችሁ። ባትሪው ይሞላል፤ ሰርቮው ግን ይሞታል።

ሰርቮ ስትቀይሩ

ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የሚመጣ ያገለገለ ሰርቮ ሲሆን በፊቱ ቀዳዳ ውስጡን በባትሪ እዩ። እርጥበት ወይም ዝገት ካለ ተዉት። ሳይሠራ ሲቀር የሚመለስ መሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሥራው ላይ አንድ ቦታ እንዳያልፋችሁ፦ ከሰርቮው ወጥቶ ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ርዝመት። ረዘም ካለ ማስተሩን ሁልጊዜ ትንሽ ተጭኖት ይቀራል። ዘይቱ ወደ ጣሳው መመለሻ ያጣል፣ ፍሬኑ ይጎትታል፣ ሲግል ይብሳል። ካጠረ ፔዳሉ ብዙ ይወርዳል። መለኪያ ከሌላችሁ የዘንጉ ጫፍ ላይ ጠንከር ያለ ትንሽ ሊጥ አድርጉ። ማስተሩን ከነጓርኒሲዮኑ (በመሀል ከሚገባው ስስ ማሸጊያ ጋር) አስራችሁ መልሳችሁ ፍቱት። ብረቱ ሊጡን በስቶ ከወጣ ረዝሟል። ወፍራም ሊጥ ከቀረ አጥሯል። ስስ ሽፋን ብቻ ሲቀር ልክ ነው። ትክክለኛው ቁጥር ማኑዋሉ ላይ ካለ በእሱ ሂዱ፤ ሊጡንም አንድ ሳትቀር ጠርጉ።

ከዚያ ሞተሩ እንደጠፋ ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ቫኪዩሙን ጨርሱና ፔዳሉን በእጃችሁ ጫን በሉት። ጫና እስኪሰማችሁ ድረስ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልል መሆን አለበት፤ በብዙ አሮጌ ኮሮላ ከ3 እስከ 6።

የማስተሩን መስመር ከከፈታችሁ ከዘይቱ ውስጥ አየር ማውጣት ግድ ነው። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፤ በእኛ መኪኖች የኋላ ቀኝ ነው።

በአየር ሳይሆን በዘይት የሚረዳም አለ

አንዳንድ ላንድክሩዘር 100 ላይ ክብ ጥቁሩን ሰርቮ ብትፈልጉ አታገኙትም። በሱ ቦታ በኤሌክትሪክ ፓምፕ የፍሬን ዘይት የሚጭንና ግፊቱን አከማችቶ የሚይዝ ዕቃ አለ። ቁልፍ ስታዞሩ የሚሰማው አጭር ጉርምርምታ የፓምፑ ነው። ፓምፑ ሳያቋርጥ ከሠራ ወይም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከመጣ ግፊቱ አልተያዘም። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ አትሞክሩ። ግፊቱ ሳይወጣ መስመር የፈታ ሰው ዘይቱ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። መካኒኩም ቢሆን ቁልፉን አጥፍቶ ፔዳሉን 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ሳይረግጥ ቁልፍ እንዳያነሳ ንገሩት።

ዘይቱ

ጣሳው ክዳን ላይ የተጻፈውን ተጠቀሙ፤ በብዙዎቹ ዶት 3 ነው። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው። እርጥበት ሲስብ ግን እስከ 140 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ከአሰላ እስከ አዋሽ መልካሳ ፍሬን ረግጣችሁ ስትወርዱ ያረጀ ዘይት ጎማው ጋ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰርቮ ብትቀይሩ ለውጥ የለም። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ቀይሩ። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ጣሳው ውስጥ እንዳይገባ፤ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ቁልቁለት ላይ ፎሌ አድርጋችሁ ሞተር አታጥፉ። የቀራችሁ ሁለት ሦስት እርግጫ ነው። አራተኛው የእግራችሁ ብቻ ነው።

ሥራው ሲያልቅ

ሦስቱን የእግር ፈተና ከመጀመሪያው ድገሙ። ከዚያ በማለዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደጋግማችሁ ያዙ፤ ቀጥሎ በ40። ወደ ጎን ከሳበ ተመለሱ። አሥር ደቂቃ ነድታችሁ ስትቆሙ እጃችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ አስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ያ ጎማ ይጎትታል። አራቱም ከጋሉ ወደ ዘንጉ ተመለሱ። በዘይት ጣሳው ላይ ዘይቱ የደረሰበትን በማርከር አስምሩና በሳምንቱ እዩት። የቱቦውን ማጥበቂያም ያኔ አንዴ ጠበቅ አድርጉት፤ አዲስ ጎማ ሞተሩ ከጋለና ከቀዘቀዘ በኋላ ትንሽ ይላላል።